የሃይማኖት ስምና የሃይማኖት ኑሮ

ከሐዋሳ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኘው በቡሹሎ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የምታስተዳድረው ጤና ጣቢያ አለ። ወደዚያ የሚሄደው ሕመምተኛ ግን ካቶሊክ ብቻ አይደለም። ኦርቶዶክሱም፥ ሙስሊሙም፥ ወንጌላዊውም ባንድ ወንበር ላይ ተራውን ይጠብቃል። እንግዲህ አንድ ተማሪ መጠይቁን ይዞ ከበሩ ቢቆምና የሚገባውን ሁሉ «ሃይማኖትዎ ምንድን ነው?» እያለ ቢመዘግብ፥ እስከ ማታ ብዙ ወረቀት ሊሞላ ይችላል። ነገር ግን በዚያ ወረቀት ስለ ሐዋሳ ሃይማኖቶች ምን ዐወቀ? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው።

የከተማን የሃይማኖት ልዩ ልዩነት አጥኑ ተብለው ለልምምድ የሚወጡ ተማሪዎች ቀላሉን መንገድ ሲመርጡ የሕዝብ ቆጠራን አከፋፈል እንዳለ ይወስዳሉ። በ1999 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ ሕዝቡን ኦርቶዶክስ፥ ፕሮቴስታንት፥ ካቶሊክ፥ እስልምና፥ ባህላዊ እምነትና ሌላ ብሎ ከፈለ። በሐዋሳና በዙሪያዋ ባሉት የገጠር ቀበሌዎች 258,808 ሰው ተቆጠረ፤ ከሁሉ የሚበዙት ፕሮቴስታንቶች፥ ቀጥሎም ኦርቶዶክሶች ሆኑ። ቆጠራው የተነሣበትን ሥራ ሠርቷልና አንነቅፈውም። የምንነቅፈው ቆጠራው ያቆመበትን ቦታ የጥናቱ መጨረሻ አድርጎ የሚቀመጠውን ተማሪ ነው። ቆጣሪ የሚፈልገው ስንት እንደ ሆነ ነው፤ ተማሪ ግን እንዴት እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

ለምሳሌ «ፕሮቴስታንት» የሚለውን ስም እንመልከት። በሲዳማ ከሠራው ከኖርዌይ ሉተራን ሚሲዮን ጋር የተያያዘችውና በ1951 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተቋቋመችው የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በዚህ ስም ትገባለች። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሲዮን ካፈራቸው ማኅበረ ምእመናን የወጣችው ቃለ ሕይወትም፥ የጴንጤቆስጤዋ ሙሉ ወንጌልም በዚሁ ስም ይገባሉ። የሦስቱ ታሪክ፥ ጥምቀትና አምልኮ አንድ አይደለም። ሕዝቡ ደግሞ ሁሉንም «ጴንጤ» ይላቸዋል፤ ይህም ቃል መጀመሪያ ለጥቂቶች የተሰጠ የንቀት ስም የነበረ፥ በኋላ ግን ለሁሉም የተረፈ ነው። በደርግ ዘመን ሙሉ ወንጌል በተዘጋች ጊዜ ከምእመናኗ ብዙዎች በሌሎቹ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ተጠግተው አመለኩ፤ ዝማሬያቸውና የጸሎታቸው ልማድም አብሯቸው ገባ። ይህን ሁሉ ያለፈ ሽማግሌ በመጠይቁ ላይ የሚኖረው አንዲት ምልክት ብቻ ነው። በአንዲት ምልክት ውስጥ የአርባና የአምሳ ዓመት ኑሮ ተቀብሮ ይቀራል።

ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ፤ ይኸውም ተማሪ በሐዋሳ የሃይማኖት ታሪክ ውስጥ ተመልካች ብቻ ሆኖ አለመኖሩ ነው። ከተማይቱ ገና በተቆረቆረችበት በ1950ዎቹ ዓመታት የስዊድን ፊላደልፊያ ሚሲዮን በክረምት በሐዋሳ በሚሰጠው የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርት ላይ ከየትምህርት ቤቱ የመጡ ወጣቶች ይሰበሰቡ ነበር። ሙሉ ወንጌልንም በ1959 ዓ.ም. ካቋቋሟት መካከል የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩባት፤ መንግሥት ግን እንድትመዘገብ ሳይፈቅድ ቀረ። ዮርግ ሐውስታይን የተባሉት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2011 ባሳተሙት መጽሐፍ የኢትዮጵያ ጴንጤቆስጤያውያን ስለ ጅማሬያቸው የሚናገሩት ታሪክ እንደ ተራኪው እንደሚለያይ አሳይተዋል። እንግዲህ መጠይቅ ይዞ የሚወጣው ተማሪ እርሱም የአንድ ቤተ እምነት ልጅ መሆኑን፥ ጆሮውም የለመደውን ቶሎ እንደሚሰማና ያለመደውን እንደሚያሳልፍ ሊያውቅ ይገባዋል። ይህን ሳያስተውል «እኔ ገለልተኛ ነኝ» ቢል ራሱን ያታልላል።

ከሁሉ ይልቅ መጠይቁን የሚያሳፍረው የፍቼ ጨምበላላ በዓል ነው። ቀኑን አያንቶ የሚባሉት ሽማግሌዎች ከዋክብትን ተመልክተው ይወስናሉ፤ በየቤቱ ከእንሰት፥ ከቅቤና ከወተት የተሠራ ቡርሳሜ ይበላል፤ ሕዝቡም በሐይቁ ዳር ባለው በጉዱማሌ ይሰበሰባል። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት ፍቼን እ.ኤ.አ. በ2015 በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። አሁን ጥያቄው ይህ ነው፤ በፍቼ ቀን ቡርሳሜ የሚበላ፥ እሑድ ደግሞ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ሲዳማ በየትኛው ሣጥን ይግባ? «ይህ ባህል እንጂ ሃይማኖት አይደለም» የሚል አለ፤ «አይደለም፥ የቀድሞው አምልኮ ነው» ብሎ የሚርቅም አለ። ክርክሩ ራሱ የጥናቱ ፍሬ ነበረ። መጠይቁ ግን ክርክሩን አይሰማም፤ መልሱን ብቻ ይቀበላል።

በዚህ ነገር የቀደሙን ተማሪዎች የተሻለ ምሳሌ ትተውልናል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1953 እስከ 1961 ባወጣው መጽሔት ተማሪዎቹ ያደጉበትን ልማድ ጽፈዋል። ኋላ በሥነ ጽሑፍ ሐያሲነታቸው የታወቁት አቶ አስፋው ዳምጤ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ዕቁብ የጻፉት በዚያው ይገኛል። ዕቁብን ለማወቅ «ዕቁብ አለህ ወይስ የለህም?» ብሎ መቍጠር እንደማይበቃ ማንም ይረዳዋል፤ እንዴት እንደሚሰበሰብ፥ ዕጣው እንዴት እንደሚወጣ፥ የቀረውስ ሰው ምን እንደሚሆን መጠየቅ ግድ ነው። ታዲያ ለገንዘብ ማኅበር ይህን ያህል ከተጠነቀቅን፥ ለሃይማኖት ስለ ምን አንዲት ምልክት በቃችን? መጽሔቱም ነቀፋ አያጣውም፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ሆነ ልማዱን የነገሩት ሽማግሌዎች ሊያነቡትና ሊያርሙት አልቻሉም። ይህ ጉድለት ዛሬም ከብዙ ጥናት አልወጣም።

«ቍጥር ከሌለ ማነጻጸር አይቻልም፤ ስለ ኑሮ መጠየቅም የሰውን ምስጢር መድፈር ነው» የሚለን ይኖራል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ስለዚህ ቍጥሩ ይቅር አላልንም። በሁለተኛው ግን አንስማማም። ልዩ ልዩ ብሔረሰብ በሚኖርባት በሐዋሳ ሃይማኖትን በድንገት መጠየቅ ወገንን እንደ መጠየቅ ሆኖ ሊሰማ ይችላል፤ ተጠያቂውም የሚጠቅመውን መልስ ይሰጣል። ስለ ማዕድ መጠየቅ ግን አያስደነግጥም። ድግስ ያለው ሰው ለሙስሊም ጎረቤቱ በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ ለብቻው ያዘጋጅ እንደ ሆነ፥ በዐቢይ ጾም ለሚጾመው የጾም ወጥ ያቀርብለት እንደ ሆነ፥ ዕድሩ የሌላ ሃይማኖት ሰው ሲሞት እስከ መቃብር ይሄድ ወይም ከደጃፍ ይመለስ እንደ ሆነ፥ ልጅ ከቤተሰቡ እምነት ሲወጣ እናቱ ምን እንዳደረገች ቢጠየቅ፥ ሰው ሳይፈራ ይናገራል። ልዩነቱም አንድነቱም በዚያ ይታያል።

ስለዚህ ወደ ቡሹሎ የሚሄደው ተማሪ ከበሩ ቆሞ ከመመዝገብ ይልቅ፥ ሕመምተኛውን ዕረፍት ሳይነሣና ፈቃድ ሳያጓድል፥ ወደ መጠበቂያው ወንበር ገብቶ ይቀመጥ። አስታማሚዎቹ ምሳ ሲያወጡ ማን ከማን እንደሚጎርስ፥ ሕመሙ ሲጠና ማን በማን ስም እንደሚጸልይ፥ ጎረቤትም በዚያ ጸሎት ላይ «አሜን» ይል እንደ ሆነ ያስተውል። ጽፎም ሲጨርስ በአማርኛና በሲዳምኛ ለነገሩት ሰዎች ያንብብላቸው፤ «እንዲህ አላልንም» ቢሉት ያርም። እንዲህ ያለው ጥናት ከተሞላው ወረቀት ብዛት ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ስለ ሐዋሳ ሰዎች ሲነገር የሐዋሳ ሰዎች ራሳቸውን ያውቁበታል።