የድሬዳዋው የወባ ጥናት በደንብ ተጽፏል፤ ግን ለማን?

ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው። ከዚራን ከመጋላ ለይቶ ድሬዳዋን መሃል ለመሃል ያቋርጣል፤ ውሃ የሚታይበት ቀን ግን ጥቂት ነው። ታዲያ እንዲህ ባለ ደረቅ ከተማ፣ ያውም በበጋ፣ ወባ እንዴት ሊነሳ ይችላል?

ተነስቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 በከተማዋ የተመዘገበው የወባ ሕመምተኛ 205 ነበር። በ2022 ግን ከጃንዋሪ እስከ ሜይ ባሉት ወራት ብቻ 2,425 ደረሰ። ወደ 12 እጥፍ ገደማ ማለት ነው። በአርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ተመራማሪው ፍጹም ግርማ ታደሰ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ነገሩን አጠና፤ ውጤቱም በ2023 ኔቸር ሜዲሲን በተባለው ታዋቂ መጽሔት ላይ በእንግሊዝኛ ታተመ።

ስለ ጥናቱ ግኝት ብዙ ተወርቷል። እኛ ዛሬ የምንገመግመው ጽሑፉን ነው። አንድ የጤና ጥናት እንዴት እንደተጻፈ መጠየቅ የቋንቋ አስተማሪዎች ሥራ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ ቃል ስትሳሳት ሰው የማይጠቅም ነገር ሲያደርግ ይውላል፤ የሚጠቅመውን ይተዋል።

በመጀመሪያ፣ ጥሩው ነገር

የጥናቱ ዋና ተከሳሽ አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ ናት። መነሻዋ እስያ ነው። በአፍሪካ ቀንድ መጀመሪያ የታየችው በ2012 በጅቡቲ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ደግሞ በ2016 በሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ተገኘች። ነባሮቹ የወባ ትንኞቻችን ዝናብ ጥሎ የሚያቁረውን ውሃ ይወዳሉ፤ ለዚህ ነው ወባ ከክረምት በኋላ፣ ከመስከረም ጀምሮ የሚበረታው። ስቴፈንሲ ግን ሰው ባጠራቀመው ውሃ ትራባለች፤ በርሜል፣ ሮቶ፣ የሲሚንቶ ገንዳ። ስለዚህ ዝናብ አትጠብቅም።

ተመራማሪዎቹ ወባ የተገኘባቸውን ሕመምተኞች፣ ትኩሳት ኖሯቸው ወባ ካልተገኘባቸው ሰዎች ጋር አነጻጸሩ። ከዚያ በሁለቱም ወገን አብረዋቸው የሚኖሩትን ሰዎች መረመሩ፤ በቤታቸው ዙሪያም ትንኝ ፈለጉ። ወባው በሕመምተኞቹ አካባቢ ተሰባስቦ ተገኘ። ስቴፈንሲ ባለችበት ቤት አካባቢ ደግሞ ይበልጥ ነበር። በትንኞቹ ውስጥም ወደ ሰው የሚተላለፈው የወባ ተውሳክ ደረጃ ታየ።

እዚህ ላይ ጽሑፉ ሊመሰገን ይገባል። «ትንኟ ወረርሽኙን አመጣች» ብሎ አልደመደመም። «እስከምናውቀው ድረስ እስካሁን ከተገኙት ጠንካራው ማስረጃ» ነው የሚለው። ለጀማሪ አንባቢ ይሄ መሽኮርመም ሊመስል ይችላል። አይደለም። ሁለት ነገሮች አብረው መገኘታቸውና አንዱ ሌላውን ማምጣቱ የተለያዩ ናቸው፤ ጥሩ አርታዒ ይህን ልዩነት በየዓረፍተ ነገሩ ይጠብቃል።

ርዕሱ ላይ ግን ጥያቄ አለን

የጽሑፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «አኖፊለስ ስቴፈንሲ መድኃኒትንና ምርመራን የሚቋቋም ወባ በአፍሪካ እንዲስፋፋ ስላላት ሚና የተገኘ ማስረጃ» እንደማለት ነው። ደግማችሁ አንብቡት። ድሬዳዋ የት አለች? የአንዲት ከተማ ወረርሽኝ በርዕሱ ላይ አህጉር ሆኗል። መጽሔቶች ሰፊ ርዕስ ይወዳሉ፤ ይገባናል። ግን ከርዕሱ አልፎ የማያነበው ብዙ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ከዚህ ይከብዳል። ርዕሱ ትንኟንና መድኃኒት መቋቋምን ባንድ ላይ አስሯቸዋል። በወረርሽኙ የተሰራጨው ተውሳክ አርቴሚሲኒን ከተባለው መድኃኒት የመቋቋም ምልክት ያለበት የዘር ለውጥ ነበረው፤ ይህ እውነት ነው። ትንኟ ግን ያንን ለውጥ አልፈጠረችም። እሷ አመላላሽ ናት። ፈጥኖ ላነበበ ሰው ይህ ልዩነት ይጠፋል።

ሦስተኛ፣ «ምርመራን የሚቋቋም» የሚለው አባባል ያስፈራል። ነገሩ ምን መሰላችሁ? በጣት ደም የሚሠራው ፈጣን ምርመራ ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው ኤችአርፒ2 የተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ዘረመል የጎደለው ተውሳክ ከዚህ ምርመራ ሊያመልጥ ይችላል። ከማይክሮስኮፕ ግን በዚህ ምክንያት አያመልጥም። ስለዚህ «ከአንድ ዓይነት ፈጣን ምርመራ የሚያመልጥ» ቢባል ይረዝማል፣ ግን ልክ ይሆናል። «ምርመራ ዋጋ የለውም» ብሎ ከጤና ጣቢያ የሚቀር ሰው እንዳይኖር ስንል ርዝመቱን ብንታገሰው ይሻላል።

ወደ አማርኛ ሲሻገር የሚወድቀው

እንግሊዝኛው ላይ ያሉት እንከኖች ትንንሽ ናቸው። ትልቁ ችግር እንዲህ ያሉ ጥናቶች ወደ ቋንቋችን ሲመጡ ነው።

«መላመድ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ወባው «መድኃኒት ተላመደ» እንላለን። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ የሚገባው «የኔ ሰውነት መድኃኒቱን ስለለመደው አይሠራልኝም» የሚል ነው። የተለወጠው ግን ተውሳኩ እንጂ የሰውዬው ሰውነት አይደለም። «ተውሳኩ መድኃኒቱን መቋቋም ጀመረ» ብንል ማን ምን እንዳደረገ ግልጽ ይሆናል። «ኮንትሮል» የተባለው ቡድንም «የቁጥጥር ቡድን» ሲባል ፖሊስ ነገር ይመስላል፤ «ማነጻጸሪያ» ቢባል ሥራውን ይናገራል።

ከሁሉም የሚያሳስበን ግን በየጤና ትምህርቱ የምንሰማው «ያቆረ ውሃን እናፋስ» የሚለው ነው። ለነባሮቹ ትንኞች ጥሩ ምክር ነበር። አሁን ግን ደቻቱ ዳር የሚኖር ሰው ሆናችሁ ስሙት። «ያቆረ ውሃ» ሲባል ዓይናችሁ ወዴት ይሄዳል? ወደ ውጭ። ወደ ኩሬው፣ ወደ ወንዙ። በተለይ ድሬዳዋ ላይ፣ ደቻቱ በኦገስት 2006 በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው የወሰደበት ከተማ ላይ፣ የውሃ አደጋ ሲባል ሰው መጀመሪያ የሚያየው ወንዙን ነው። በጓሮ ያለውን በርሜል ማንም «ያቆረ ውሃ» አይለውም። እሱ የተቀዳ ውሃ ነው፤ ንብረት ነው። ስለዚህ ምክሩ በትክክል ተሰምቶም፣ ትንኟ የምትራባበትን ዕቃ ሳይነካ ያልፋል።

«እሺ፣ በርሜሉን ድፉት» ብንልስ? ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ቤተሰብ ይሄ ምክር ሳይሆን ቀልድ ነው። ጥሩ አርታዒ እዚህ ጋ ብዕሩን ያቆምና «ይህን ማን ማድረግ ይችላል?» ብሎ ይጠይቃል። ምናልባት እንዲህ ይጻፋል፦ «የምታጠራቅሙበትን ዕቃ ትንኝ በማያስገባ ክዳን ወይም ጨርቅ አጥብቃችሁ ሸፍኑ። በሳምንት አንድ ቀን፣ ውሃው ሲያልቅ፣ ግድግዳውን ፈትጋችሁ እጠቡ።» ለምን በሳምንት? እንቁላሉ እጭ ሆኖ፣ እጩ ትንኝ ሆኖ ለመብረር አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ስለሚፈጅበት። ምክንያቱን የሰማ ሰው ምክሩን አይረሳም። ይህም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛም መጻፍ አለበት፤ ድሬዳዋ በአንድ ቋንቋ አታወራም።

«የሳይንስ መጽሔት ሥራ አይደለም» ለሚሉ

ተቃውሞው ተገቢ ነው። መጽሔቱ የሚጻፈው ለሙያተኛ ነው፤ ስለ በርሜል ክዳን እንዲያወራ አንጠብቅም። ግን ሕጎቹን እዩ። እንዲህ ያለ ጥናት ሲጻፍ ተመራማሪዎች የሚከተሉት ስትሮብ የሚባል ዝርዝር አለ። 22 ነጥቦች አሉት። የጥናቱን ዓይነት ንገር፣ ቦታውንና ጊዜውን ንገር፣ ድክመትህን ንገር፣ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ንገር ይላል። ሁሉም አስፈላጊ ናቸው። ከ22ቱ አንዱም ግን «ደማቸውን ለሰጡህ ሰዎች በሚገባቸው ቋንቋ ጻፍላቸው» አይልም።

እኛ የምንለው ይህ ሁለተኛ ጽሑፍ ለዕድል አይተው ነው። ጥናቱን ያዘጋጀው ቡድን ራሱ ይምራው፣ በጀት ይያዝለት፣ እንደ እንግሊዝኛው ሁሉ ቃል በቃል ይታረም። አንዱ በመጽሔቱ ገምጋሚዎች ፊት ያልፋል፤ ሌላው ደግሞ ውሃ በሚቀዱ ሰዎች ፊት ይለፍ። «ይህን አንብበሽ ነገ ምን ታደርጊያለሽ?» ተብላ የተጠየቀች እናት መልስ ካጣች ጽሑፉ ገና አላለቀም።

እናንተም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። በሚቀጥለው ጊዜ ጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ወይም ስልካችሁ ላይ የጤና ምክር ስታዩ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ የት ቦታና መቼ ስለተገኘ ነገር ነው የሚያወራው? አብሮ የተገኘን ነገር «ምክንያቱ ይሄ ነው» ብሎታል ወይ? የሚለውን ነገር የእናንተ ቤት ማድረግ ይችላል? አንዱ መልስ ካጣ ጽሑፉን ወስዳችሁ አስተካክላችሁ ጻፉት፤ ከዚያ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አሳዩአት። ሳይንሱን ሳታጣምሙ ቃሉን ማቅናት መቻላችሁን የምታውቁት ያኔ ነው።