«ስርቆት» እስከ የት ድረስ ነው?

ሳይዘምት «ዘማች ነበርኩ» ያለውን ሰው ድርጊት፣ የእንግሊዝኛውን ስያሜ ተከትሎ «የተሰረቀ ጀግንነት» ብሎ መተርጎም ይቀናል። ይሁንና «ሰረቀ» በአማርኛ ከመውሰድ ይልቅ ስውርነትን ያጠብቃል፤ «ሰርቆ አየ»፣ «የስርቆሽ በር» ስንል የተወሰደ ነገር የለም። ሐሰተኛው ዘማች ግን በአደባባይ ነው የሚናገረው፤ የእውነተኛውም ሜዳይ ከደረቱ አይጎድልም። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ስርቆትን (አንቀጽ 665) ከማታለል (አንቀጽ 692) ይለያል። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ የሜዳይ ሕግ እንኳ የሚቀጣው ጥቅም ለማግኘት የተነገረውን ሐሰት ነው።

ቱሉ ዲምቱ፣ በታክሲ ሰልፍ ላይ፣ «የባድመ ቁስለኛ ነኝ» እያለ ሲለምን ውሸቱ የተነቃበትን ሰው ተሰላፊው «ሌባ!» አለው። አንዲት አሮጊት ግን «ቀጣፊ በሉት» ብለው አረሙ። መዝገበ ቃላት «ሌባ» ለስድብም መዋሉን ይመዝግብ፤ ለስያሜው ግን የአሮጊቷን ቃል ይዤ «የዘማችነት ቅጥፈት» እላለሁ።