ከቆጠራው በፊት ሕጉ ይታወቅ

የሒሳብ መምህር ነኝ። ስለ ዴሞክራሲ ሳስተምር የምጠቀመው ጠመኔና ዘጠኝ ድምፅ ብቻ ነው።

ዘጠኝ ተማሪዎች የሽርሽር ቦታ ይመርጣሉ እንበል። አራቱ ላንጋኖን ያስቀድማሉ፤ ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ ሐረር። ሦስቱ ሐረር፣ ጎንደር፣ ላንጋኖ ብለው ይደረድራሉ። የቀሩት ሁለቱ ደግሞ ጎንደር፣ ሐረር፣ ላንጋኖ ይላሉ። ማን አሸነፈ?

«ላንጋኖ!» ይላል ክፍሉ፤ 4 ድምፅ አለውና። «ከግማሽ በላይ ያላገኘ አያሸንፍም፤ የመጨረሻው ወጥቶ ሁለቱ ይለዩ» ብንልስ? ጎንደር በ2 ድምፅ ይወድቃል፤ ደጋፊዎቹ ወደ ሐረር ያልፋሉ፤ ሐረር ላንጋኖን 5 ለ 4 ይረታል። ሁለት ሁለቱን ስናጋጥም ግን ጎንደር ላንጋኖን 5 ለ 4፣ ሐረርን 6 ለ 3 ያሸንፋል። ሐሳቡን የቀየረ መራጭ የለም፤ ኮሮጆም አልተሰረቀም። ሦስት የተለያዩ አሸናፊዎችን ያስገኘው የቆጠራው ሕግ ነው።

ክፍሉ የሚንጫጫው እዚህ ላይ ነው። የመምህሩ ሙያም የሚፈተነው እዚሁ ነው፤ መልሱን ከተናገርኩ ትምህርቱ አበቃ። ስለዚህ ጠመኔውን እሰጣቸዋለሁ። «ይህኛው ሕግ ፍትሐዊ ነው» ያለ ሁሉ ወጥቶ ምክንያቱን ደረጃ በደረጃ ይጽፋል። ሰሌዳው ፊት ጮክ ብሎ መናገርም ሆነ መምህር መሆን ነጥብ አያስገኝም፤ አንዷ ደረጃ ከተሳሳተች መደምደሚያው ይወድቃል።

ክርክሩ የቆየ ነው። በፓሪስ የሳይንስ አካዳሚ ዣን ሻርል ደ ቦርዳ፣ መራጮች ዕጩዎችን በደረጃ አስቀምጠው ለየደረጃው ነጥብ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረበ። ማርኪ ደ ኮንዶርሴ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1785 ዕጩዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማወዳደርን መረጠ፤ ግን የራሱን መንገድ እንከንም አልሸሸገም። አብላጫው አንደኛውን ከሁለተኛው፣ ሁለተኛውን ከሦስተኛው አስበልጦ፣ መልሶ ሦስተኛውን ከአንደኛው ሊያስበልጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1951 አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ኬኔት አሮው ነገሩን ወደ ማረጋገጫ አደረሰው፦ አማራጮች ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ፣ የመራጮችን ቅደም ተከተል ወደ አንድ የጋራ ቅደም ተከተል የሚለውጥና ተገቢ የምንላቸውን ጥቂት መስፈርቶች ሁሉ የሚያሟላ ሕግ የለም።

አንዳንድ ተማሪ ይህን ሲሰማ «እንግዲያ ምርጫ ከንቱ ነው» ይላል። አይደለም። እንከን የሌለው ሕግ ከሌለ፣ የትኛውን እንከን እንደምንሸከም ተነጋግረን መወሰን አለብን ማለት ነው። የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 54 የተወካዮች ምክር ቤት አባላት በየምርጫ ክልላቸው በአብላጫ ድምፅ እንዲመረጡ ይደነግጋል፤ ላንጋኖን ያስመረጠው ስሌት ማለት ነው። ይህ ስሌት ቀላልና ግልጽ ነው፤ ነገር ግን ብዙኃኑ መጨረሻ ላይ ያስቀመጠውን ሊያነግሥ ይችላል። ይበጃል ወይስ ይለወጥ የሚለውን ሒሳብ አይወስንልንም።

መምህራን ሆይ፣ ይህችን የዘጠኝ ድምፅ ጥያቄ ክፍላችሁ ውስጥ ሞክሯት። መራጮችም፣ ውጤት ከመነገሩ በፊት ስለ ሕጉ ተከራከሩ፤ ከተነገረ በኋላማ ያሸነፈ ሁሉ ያሸነፈበትን ሕግ ፍትሐዊ ማለቱ አይቀርም።