«ታይሮዱ ከመሬት ጋር ትይዩ ይሁን»፦ ግማሽ እውነት የሆነ ምክር

በሪሞት የሚነዳ የእሽቅድምድም መኪና የሚገጣጥም ሰው አንድ ምክር ሳይሰማ አይቀርም፦ «ታይሮዱን ከመሬት ጋር ትይዩ አድርገው፤ ባምፕ ስቲር ይጠፋል።» ምክሩ አጭር ነው፣ ለማስታወስም ይቀላል። ፓን ካር ላይ ግን ብዙ ጊዜ ያሳስታል።

ፓን ካር ሻንሲው አንድ ጠፍጣፋ ሳህን የሆነ ቀላል መኪና ነው። በቀላሉ ዓይነት፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ቁራጭ ኪንግፒን በሚባል ቀጭን የብረት ዘንግ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች ይንሸራተታል፤ ትንሽ ሞላ ይመልሰዋል። ጎማውን ወደ ግራና ቀኝ የሚያዞረው ደግሞ ከሰርቮው የሚመጣው ታይሮድ ነው። ጎማው ከፍ ወይም ዝቅ ሲል፣ መሪ ሳይነካ በራሱ ከዞረ ያ ባምፕ ስቲር ይባላል።

ለምን ይዞራል? የታይሮዱ የውስጥ ጫፍ ሰርቮው ላይ ስለታሰረ የውጭ ጫፉ እንደ ኮምፓስ እርሳስ ቅስት ይሠራል። ጎማው ግን የኪንግፒኑን ቀጥ ያለ መስመር ነው የሚከተለው። ሁለቱ መንገዶች በተለያዩ ቁጥር ጎማው ይጠመዘዛል።

እስቲ እናስላው። ታይሮዱ 40 ሚሊ ሜትር፣ የመሪ ክንዱ 15 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ጎማው 1 ሚሊ ሜትር ከፍ ይበል። ኪንግፒኑ ቀጥ ብሎ ከቆመና ታይሮዱ ትይዩ ከሆነ፣ የውጭ ጫፉ ወደ ውስጥ የሚሳበው 0.0125 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጎማው 0.05 ዲግሪ ገደማ ይዞራል። እዚህ ላይ ምክሩ ልክ ነው።

አሁን የኪንግፒኑን አናት 5 ዲግሪ ወደ ውስጥ እናዘንብለው። ጎማው 1 ሚሊ ሜትር ሲወጣ 0.0875 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል። ትይዩው ታይሮድ ግን አሁንም 0.0125 ብቻ ነው የሚገባው። ልዩነቱ ጎማውን 0.29 ዲግሪ ገደማ ያዞረዋል፤ ስድስት እጥፍ መሆኑ ነው! መፍትሔው የታይሮዱን የውጭ ጫፍ 3.5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ማድረግ ነው። ያኔ ከፊት ሲታይ ከኪንግፒኑ ጋር 90 ዲግሪ ይሠራል። መለኪያው መሬት ሳይሆን ኪንግፒኑ ነው ማለት ነው።

«0.29 ዲግሪ ምን ያመጣል?» ትሉ ይሆናል። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ከፍ ሲሉ በተቃራኒ አቅጣጫ ስለሚዞሩ ይጣፋሉ። ኩርባ ላይ ግን መኪናው ሲያጋድል አንዱ ይወጣል፣ ሌላው ይወርዳል፤ ስለዚህ ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ይዞራሉ። ነጂው ያላዘዘው መሪ ተጨመረ ማለት ነው።

ሌላም ጉድለት አለ። አንዳንድ ፓን ካሮች ጎማው ሲወጣ ኪንግፒኑ ወደ ኋላ እንዲያጋድል ተደርገው ነው የሚሠሩት። ያኔ የመሪ ክንዱ ጫፍ ተጨማሪ ከፍታ ያገኛል ወይም ያጣል። መኪናው ቆሞ እያለ በዓይን የሚታይ ትይዩነት ይህን ሊያሳይ አይችልም።

ስለዚህ እንቅስቃሴውን ራሱን ለኩት። ሞላውን አውጡ፣ ሻንሲውን ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጡ፣ ጎማው ላይ ቀጥ ያለ ማስመሪያ ደግፉ። ከዚያ ጎማውን በግማሽ በግማሽ ሚሊ ሜትር ከፍ አድርጉና ማስመሪያው መዞሩን ተመልከቱ። ከዞረ ከታይሮዱ ጫፍ ሥር ቀጭን ሮንዴላ ጨምሩ ወይም ቀንሱ፤ እንደገና ለኩ። ሲብስ ያያችሁ እንደሆነ፣ ወደ ተቃራኒው ሂዱ። አንዱን ጎን ስትጨርሱ ሌላውንም ሞክሩ፤ ሁለቱ እኩል ናቸው ብላችሁ አትለፉ።