ግማሽ ባዶው ጊታርና የቦሌ መድረክ

ከቦሌ መድኃኔ ዓለም እስከ ገርጂ ባሉት የምሽት መድረኮች አንድ ጊታር ተጫዋች በአንድ ሌሊት ትዝታውንም ችክችካውንም ጃዙንም እንዲጫወት ይጠበቅበታል። ለዚህ ሁሉ የሚበቃ፣ ዋጋውም ከአቅም የማያልፍ መሣሪያ መምረጥ እንግዲህ የሙያው አንድ ክፍል ነው።

ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1958 ያወጣው ኢኤስ-335 ጎንና ጎኑ ባዶ፣ መሐሉ ግን ድፍን እንጨት በመሆኑ የባዶውን ጊታር ለስላሳ ድምፅ ሳያጣ ከማጉያው ፊት ከመጮኽ ይታገሣል። ዛሬ ኤፒፎንና ኢባኔዝ በዚሁ አሠራር በርካሽ ያቀርባሉ። አንዳንድ ሙዚቀኞች ርካሹን «ኮምፔንሳቶ ነው» ብለው ይንቁታል። የውዱም ገላ ከስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀ ኮምፔንሳቶ መሆኑን ግን ይዘነጋሉ። ይልቁንስ የሚያሳስበው የመልክ መመሳሰል ነው። የኤፒፎን ካሲኖ ከውጭ ሲያዩት መንትያ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ጨርሶ ባዶ ነው። ጸጥ ባለ ክፍል ግሩም ነው፤ ከበሮና ኪቦርድ በሚያስተጋቡበት ጠባብ አዳራሽ ያፏጫል።

ከዚህ ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ቅኝት የመጠበቅ ጠባዩ ነው። ትዝታ አምስት ድምፆች ብቻ ስላሉት የተዛነፈች አንዲት ድምፅ መሸሸጊያ የላትም፤ የአይቤክሱንና የሮሃ ባንዱን የሰላም ሥዩምን ጊታር ያዳመጠ ይህን አይስተውም። የላላ መቃኛ በጥቂት ብር ይለወጣል። የተጠመዘዘ አንገት ግን በቀላሉ አይቃናምና፣ ገዢው የቀለሙን ውበት ከማድነቁ በፊት አንገቱን እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ አነጣጥሮ ሊመለከተው ይገባል።