የኢዮብ ትዕግሥትና የወዳጆቹ ምክር

በአገራችን ሰው ሲሞትበት፥ ንብረት ሲጠፋበት ወይም ደዌ ሲጠናበት፥ ሊያጽናናው ከሚመጣው ሰው አፍ የማይለይ አንድ ምርቃት አለ፤ ይኸውም «የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥህ» የሚለው ነው። ምርቃቱ መልካም ነው። ዳሩ ግን ይህን ቃል ከሚናገሩት መካከል የኢዮብን መጽሐፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነበበ ስንት ሰው ይገኛል? እኔ ራሴ በመምህርነት ዘመኔ ሁሉ ቃሉን ለስንት ሰው እንደ ተናገርሁት ቍጥሩን አላውቀውም፤ መጽሐፉን በሚገባ ያነበብሁት ግን ዘግይቼ ነው። እንዴት እንደ ዘገየሁ ወደ ኋላ እናገራለሁ። ለጊዜው፥ ወጣት አንባቢዎቼ፥ ስለ መጽሐፉና እኛ ስለምናነብበት መንገድ ጥቂት ላጫውታችሁ እወዳለሁ።

በልጅነቴ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር የኢዮብ ታሪክ የተነገረን እንዲህ ተብሎ ነበር። ኢዮብ ባለጸጋና ጻድቅ ሰው ነበረ፤ ከብቱ ተዘረፈ፥ ልጆቹ አለቁ፥ ገላው ቈሰለ፤ እርሱ ግን ታገሠ፥ አላጕረመረመም፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ሀብቱን እጥፍ አድርጎ መለሰለት። ይህንን አጥንተን ስንወጣ ሁላችንም የያዝነው ትምህርት አንድ ነበር፤ ዝም ያለ ሰው እጥፍ ይከፈለዋል የሚል ነው።

መጽሐፉ 42 ምዕራፍ አለው። ለእኛ የተነገረን የመጀመሪያዎቹ 2 ምዕራፎችና የመጨረሻው ምዕራፍ ማብቂያ ብቻ ነበር። በመካከል ያለው ወደ 40 ምዕራፍ የሚጠጋው ክርክር ነው፥ ቅኔ ነው፥ እሮሮ ነው። እንግዲህ የአንድን ቤት ደጁንና ጓሮውን ብቻ አይቶ «ቤቱን አውቀዋለሁ» እንደሚል ሰው ሆነን ኖረናል ማለት ነው።

በዚያ በመካከለኛው ክፍል የምናገኘው ኢዮብ ዝምተኛ አይደለም። በ3ኛው ምዕራፍ የተወለደባትን ቀን ይረግማል። ከዚያም በኋላ ከፈጣሪው ጋር በፍርድ አደባባይ ቆሞ ለመሟገት ይጠይቃል፤ በመካከላቸው የሚገባ ዳኛ ይመኛል፤ እግዚአብሔር ፊቱን ለምን እንደ ሰወረበት ይጠይቃል። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ 5ኛ ምዕራፍ የኢዮብን ትዕግሥት ሲያነሣ፥ ይህን ሁሉ እሮሮ ሳያነብ ቀርቶ አይመስለኝም። ትዕግሥት ማለት የአፍ መዘጋት ከሆነ ኢዮብ ታጋሽ አልነበረም። ትዕግሥት ማለት እያለቀሱም እየተሟገቱም ከእግዚአብሔር ፊት አለመሸሽ ከሆነ ግን ከእርሱ የሚበልጥ ታጋሽ አይገኝም።

አሁን ወደ ሦስቱ ወዳጆቹ እንምጣ። ቴማናዊው ኤልፋዝ፥ ሹሐዊው በልዳዶስና ነዕማታዊው ሶፋር ክፉ ሰዎች አይደሉም። የደራሲውን ጥበብ የማደንቀው አንዱ በዚህ ነው። ከየአገራቸው ተቃጥረው መጡ፤ አለቀሱ፥ ልብሳቸውን ቀደዱ፥ ትቢያ ነሰነሱ፤ 7 ቀንና 7 ሌሊትም አንድ ቃል ሳይናገሩ ከእርሱ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ። የእኛ አገር ለቅሶ ደራሽ ከዚህ የተሻለ አያደርግም። ስሕተታቸው የጀመረው አፋቸውን የከፈቱ ዕለት ነው።

የሦስቱም ሐሳብ ሲጨመቅ አንድ ነው፤ እግዚአብሔር ጻድቅ ዳኛ ስለ ሆነ ያለ በደል የሚቀጣው ሰው የለም፤ ስለዚህ አንተ አንድ ነገር ሠርተሃል የሚል ነው። ኤልፋዝ በለዘበ አንደበት ጀመረ። በልዳዶስ የሞቱት ልጆች በበደላቸው እንደ ሞቱ ለገዛ አባታቸው ነገረው። ሶፋር የደረሰበት መከራ ከሚገባው ያነሰ መሆኑን እስከ መናገር ደረሰ። ኢዮብ ያልሠራሁትን አላምንም ባለ ጊዜ፥ ያው ለዘብተኛው ኤልፋዝ በ22ኛው ምዕራፍ ተነሥቶ፥ ኢዮብ ለደከመ ሰው ውኃ እንደ ነፈገ፥ ከራብተኛ እንጀራ እንደ ከለከለ፥ መበለቶችን ባዶ እጃቸውን እንደ ሰደደ አድርጎ ከሰሰው። ይህን ሲያደርግ ማን አየው? ማንም አላየውም። ኤልፋዝ ትምህርቱ እንዳይፈርስበት ሲል የወዳጁን ስም አፈረሰ። «የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል» ይባላል፤ የሚያሳዝነው ግን እዚህ ላይ ምሣር የያዙት ጠላቶቹ ሳይሆኑ አጽናኞቹ መሆናቸው ነው።

ሌላም ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ሦስቱ ሰዎች ስለ እግዚአብሔር ብዙ ተናገሩ፤ ለእግዚአብሔር ግን አንድ ጊዜ እንኳ አልተናገሩም። ኢዮብ ደግሞ ለእነርሱ ሲመልስ ይቆይና በንግግሩ መካከል ዘወር ብሎ ፈጣሪውን «አንተ» ይለዋል። እነርሱ ስለ አንድ ሩቅ ዳኛ ሕግ ይጠቅሳሉ፤ እርሱ ከሚያውቀው አምላክ ጋር ይሟገታል። መጽሐፉን ስታነቡ ይህን ልዩነት ከያዛችሁ፥ በፍጻሜው የሚሰጠው ፍርድ ድንገተኛ አይሆንባችሁም።

ይህን አሁን በቀላሉ እጽፈዋለሁ እንጂ፥ የተማርሁት እንጦጦ ማርያም ላይ ነው፤ ያውም በኀፍረት።

በ1998 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል፥ ቀድሞ ያስተማርኋት አንዲት ልጅ በኤች አይ ቪ ታማ፥ ጠበል ለመጠመቅ ከቤተ ክርስቲያኑ በላይ አንዲት ክፍል ተከራይታ እንደ ተቀመጠች ሰማሁ። በዚያ ዘመን ከየአገሩ የመጣ ብዙ በሽተኛ በዚያ ተራራ ላይ ይኖር ነበር። ልጠይቃት ከሽሮ ሜዳ ሽቅብ በእግሬ ወጣሁ። የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች አጎንብሰው ቍልቍል ሲወርዱ መንገድ እየለቀቅሁላቸው ነበር የወጣሁት። ቤቷ ስደርስ ልጅቱ ሰውነቷ አልቆ አጥንቷ ቀርቶ አገኘኋት። ዘመዶቿ ርቀዋታል።

ጥቂት ከተጨዋወትን በኋላ «ጋሼ፥ ኪኒኑን ተውኩት» አለችኝ። አብረዋት የሚጠመቁ አንዳንድ ሰዎች፥ ከጠበል ጋር መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጕደል ነው ብለዋት ኖሯል። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መታደል የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነበረ። ከዚያ በፊት መግዣ አጥቶ የሞተው ሰው ብዙ ነው። እኔ ይህን አውቅ ነበር። የምናገረውም ነገር በአፌ ላይ ነበረ፤ ነገር ግን እኔ የሚሲዮን ልጅ ስለ ሆንሁ፥ ስለ ጠበል አንሥቼ ብናገር ሃይማኖቷን የነካሁ ይመስልብኛል ብዬ ፈራሁ። በዚያ ፈንታ ስብከት ጀመርሁ። እግዚአብሔር በዚህ ነገር ሊያስተምርሽ የፈለገው ይኖራል፤ ልብሽን መርምሪ፤ የኢዮብን ትዕግሥት ይስጥሽ አልኋት።

ልጅቱ ዝም ብላ ቈየችና፥ «ጋሼ፥ ኢዮብ ግን ዝም አላለም እኮ። ልቤንም ስመረምር ነው የከረምኩት» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እንዲህ ሆነን ሳለን ጎረቤቷ የሆኑ አንዲት እናት ገቡ። ቅጠል ሸጠው የሚያድሩ ናቸው፤ ሸክማቸውን ደጅ አውርደው አጥሚት ይዘውላት መጡ። ጽዋውን አስይዘዋት እስክትጨርስ ከአጠገቧ ቆሙ። ከዚያም «አንቺ ልጅ፥ ጠበሉን የሰጠ እሱ፥ ለሐኪሙ አእምሮ የሰጠ እሱ። ነገ እኔ ቅጠሌን ይዤ ስወርድ አብረን እንወርዳለን፤ ሐኪሙ ይይሽ። ስትደክሚ እንቀመጣለን» አሏት። ስለ ኢዮብ አንድ ቃል አላነሡም። በማግሥቱም እንዳሉት አደረጉ፤ ሐኪሙም መርምሮ መድኃኒቱን እንደገና አስጀመራት።

እኔ ያን ዕለት ወደ ቤቴ ወርጄ፥ በ1954 ዓ.ም. ከታተመው መጽሐፍ ቅዱሴ የኢዮብን መጽሐፍ አወጣሁና ሌሊቱን 42ቱን ምዕራፍ አነበብሁት። በኤልፋዝ ንግግር ውስጥ የራሴን ድምፅ አገኘሁት። ወደ 1990ዎቹ ፍጻሜ ገደማ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፥ ሕመምተኛውም ሁለቱን አብሮ መውሰድ እንደሚገባው በይፋ ባስተማሩ ጊዜ ደስ አለኝ፤ ነገር ግን ያች ቅጠል ሻጭ እናት ቀድመው እንደ ፈጸሙት፥ እኔም እያወቅሁ ዝም እንዳልሁ አስታወስሁ።

እንግዲህ በዚያ ሌሊት ካነበብሁት የቀረውን ልንገራችሁ። ከ32ኛው እስከ 37ኛው ምዕራፍ ድረስ ኤሊሁ የሚባል ወጣት ይናገራል። ሽማግሎቹ መልስ አጡ ብሎ ተቈጥቶ ተነሣ፤ 6 ምዕራፍ ሙሉ ተናገረ፤ በመጨረሻው ግን እግዚአብሔር ስለ እርሱ በክፉም በበጎም አላነሣም። ወጣቶች ሆይ፥ ቍጣና ብዙ ቃል የሐሳብን ጕድለት እንደማይሞሉ ከዚህ ልትማሩ ትችላላችሁ። ስለ መጽሐፉ የማዝንበት ነገር አለ ወይ ብትሉኝ ደግሞ፥ የኢዮብ ሚስት ነገር ነው። የሞቱት 10 ልጆች የእርሷም ልጆች ነበሩ፤ ነገር ግን በመከራ ጊዜ የተናገረችው አንድ መራራ ንግግር ብቻ ተጽፎላት፥ አንባቢ ሁሉ በእርሱ ይፈርድባታል። የኢዮብን እሮሮ የታገሥን እኛ የእርሷንም ልንታገሥ ይገባን ነበር።

ከ38ኛው ምዕራፍ ጀምሮ እግዚአብሔር በዐውሎ ነፋስ ውስጥ ሆኖ ይመልሳል። ብዙ አንባቢ እዚህ ላይ ቅር ይለዋል፤ ኢዮብ ስለ ቍስሉ ሲጠይቅ እግዚአብሔር ስለ ምድር መሠረት፥ ስለ በረዶ መዝገብ፥ ስለ ሜዳ አህያና ስለ ሰጎን ይጠይቀዋልና። ነገር ግን ያላለውን ተመልከቱ። በደልህ ይህ ነው አላለውም። በ1ኛውና በ2ኛው ምዕራፍ በሰማይ የተደረገውን ነገር እኛ አንባቢዎች እናውቃለን፤ ኢዮብ ግን አያውቅም፤ እስኪሞት ድረስም አልተነገረውም። በእኔ ፍርድ የዚህ መጽሐፍ ትልቁ ጥበብ ይህ ነው። ምክንያቱ ተነግሮት ቢሆን ኖሮ ያወቀ እንጂ የታመነ አይባልም ነበር። ብዙ ጊዜ እኛም የምንጠየቀው እንዲሁ ምክንያቱን ሳናውቅ እንድንታመን ነው።

ፍርዱም በ42ኛው ምዕራፍ ተሰጠ። እግዚአብሔር በኤልፋዝና በሁለቱ ወዳጆቹ ላይ ተቈጣ፤ ቅን ነገር የተናገረው ያ ሲሟገት የነበረው ኢዮብ እንጂ እነርሱ እንዳልሆኑ ነገራቸው። ስለ እግዚአብሔር ጠበቃ የቆሙት ተፈረደባቸው፤ ያለቀሰው ተፈረደለት።

ከዚያ በኋላ ስለ ተመለሰው ሀብት፥ ሰው የሚወደው ቍጥሩን ነው። 7,000 የነበረው በግ 14,000 ሆነ፤ 3,000 የነበረው ግመል 6,000 ሆነ። የልጆቹ ቍጥር ግን እንደ ቀድሞው 10 ነው። የሞተ ልጅ በሌላ ልጅ እንደማይተካ እናት ሁሉ ታውቃለች። ስለዚህ ይህን ፍጻሜ የዝምታ ደመወዝ አድርጎ የሚያስተምር ሰው፥ የእኔንም የልጅነት መምህራን ጨምሮ፥ ተሳስቶአል። እኔ ግን በዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር አነበብሁ። የኢዮብ ወንድሞችና እኅቶች፥ የቀድሞ ወዳጆቹም ሁሉ ወደ ቤቱ መጥተው ከእርሱ ጋር እንጀራ በሉ፥ አጽናኑት፥ እያንዳንዳቸውም ብርና የወርቅ ቀለበት ሰጡት። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የእድርና የለቅሶ ቤት ሥርዓታችን ነው። የእግዚአብሔር መጽናናት እጅ አለው፤ እጁም ብዙ ጊዜ የጎረቤት እጅ ነው።

በእግዚአብሔር መታመን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ እንዳይመስላችሁ፥ ያው የእንጦጦ ተራራ ሌላ ምስክር አለው። ዳግማዊ ምኒልክ በእንጦጦ ማርያም ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ አገሪቱ በክፉ ቀን ላይ ነበረች። የከብት በሽታ የእርሻውን በሬ ጨርሶት፥ ራብ ሕዝቡን ይፈጀው ነበር። ከብት ከ10 9ኙ እንዳለቀ ይገመታል። እኒያ በማርያም ፊት የተቀቡት ንጉሥ፥ በሬ የሌለው ሰው በእጁ መቈፈርን እንዳያፍርበት፥ ራሳቸው ዶማ ይዘው መሬት እንደ ቈፈሩ ታሪካቸው ይናገራል። ዶማው ለጸሎቱ እንቅፋት አልሆነበትም።

ወጣት አንባቢዎቼ፥ መከራ ቢያገኛችሁ እሮሮአችሁን አትደብቁ፤ ለእግዚአብሔር ንገሩት፤ ኢዮብ አድርጎታል፥ አልተጠላበትምም። መድኃኒትና የሰው ርዳታ ቢመጣላችሁም እምነት ይጐድላል ብላችሁ አትመልሱት። ወደ ተቸገረ ሰው ቤት ስትሄዱ ደግሞ ምክንያት ይዛችሁ አትሂዱ፤ የምትሸከሙለትን ነገር ካለ ጠይቃችሁ ተሸከሙ፤ ከሌለም እንደ ወዳጆቹ የመጀመሪያ 7 ቀን ዝም ብላችሁ ከአጠገቡ ተቀመጡ።

ያች ልጅ ዛሬ በሕይወት አለች፤ ሠርታም ታድራለች። ያን ቀን ስለ ተናገርኋት ነገር ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ዓመት ፈጀብኝ። በመጨረሻ አንድ ቀን ቤቷ ጠርታኝ ቡና ስታፈላ ነገርኋት። ሳቅ ብላ «ጋሼ፥ እርስዎ ሲወጡ በጣም አዝነው ስለ ነበር፥ ያን ማታ ለራሴ ሳይሆን ለእርስዎ ነው የጸለይኩት» አለችኝ። እግዚአብሔርም ኤልፋዝንና ጓደኞቹን የተቀበላቸው ኢዮብ ስለ እነርሱ በጸለየላቸው ጊዜ ነበረ።