የቆርኪ ትምህርት

ፒያሳ ውስጥ ከለስላሳ መሸጫ ደጃፍ ቆርኪ ለቅመው በፌስታል የሚይዙ ሴት ካያችሁ፣ የአንደኛ ደረጃ መምህርት ሳይሆኑ አይቀሩም። እኔ ለእንዲህ ያሉ መምህራን እጅ እነሣለሁ።

ማታ ዩቲዩብና ቴሌግራም ላይ የማስተማሪያ ሐሳብ ሲፈልጉ ያመሻሉ። የሚያገኙት ቪዲዮ ብዙ ጊዜ ባለቀለም ወረቀት የሞላበት፣ ጥቂት ልጆች የተቀመጡበት የሩቅ አገር ክፍል ነው። የአራዳዋ መምህርት ሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ሠላሳ እንቁላል የሚይዘው ካርቶን በዐሥር በዐሥር ተቆርጦ የመደመሪያ ሣጥን ይሆናል። ስምንት ቆርኪ ላይ አምስት ሲጨመር ዐሥሩ ጎድጓዳ ይሞላል፣ ሦስቱ ወደ ቀጣዩ ይሻገራል። ልጁ 13ን በጣቱ ያገኘዋል። ቆርኪው ላይ ፊደል ሲጻፍበት ደግሞ ከለ እስከ ሎ ይደረደራል፣ ይበተናል፣ የራስ ስም ይሠራበታል። 231ዱን ፊደል በጩኸት ብቻ የሸመደደ ሰው ልዩነቱ ይገባዋል።

ነገሩ ቀዳሚ አለው። «ፀሐይ መማር ትወዳለች» በተባለው የልጆች የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ የምናውቃት ቀጭኔ የካልሲ አሻንጉሊት ናት፤ ፈጣሪዋ ብሩክታዊት ጥጋቡም አስተማሪ ነበረች።

የኢንተርኔት ጥቅሉም ማርከሩም ብዙ ጊዜ ከመምህርቷ ኪስ ነው የሚወጣው፤ ይህን ማንም አይቆጥርላትም። እሷ ባትኖር ሰሌዳና ጠመኔ ብቻ ይቀሩ ነበር። ጠመኔን አልንቅም፤ ግን ከልጅ ወደ ልጅ እየዞረ አይዳሰስም። ደግሞ የሠራችውን ፎቶ አንሥታ ለሌሎች መምህራን በቴሌግራም ትልካለች፣ የሣጥኑን ልክ ጭምር ጽፋ።